አሥራ ሁለተኛዋ

ጀልባው ማለዳ ላይ ከቾንቺ ማዶ ጣለኝ፤
ካፊያው በወንፊት ነው፣ ባሕሩ አይታየኝ።
በጫማዬ ላይ ጫማ፣ በልብሴ ላይ ልብስ፣
በጓንት ላይ ጓንት ደርቤ፣ ጣቴ እስኪልፈሰፈስ፣
ነጭ በነጭ ሆኜ በራቸውን ሳንኳኳ
እመት ኦርፌሊና በመስኮት ሲያዩኝ ኖሯል ለካ።
«ገናዥ ነህ፣ ሐኪም ነህ?» አሉኝ ብቅ ብለው፤
ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። አልቀለዱም እርሳቸው።

ደውለው የጠሩኝ ራሳቸው ናቸው፤
ጠቋሚ አልነበረም፣ ከሳሽም የላቸው።
ጎረቤት ኤሊሴር መክሯቸው ነበር አሉ፦
«በእግር ቆመው ሳሉ ገበያ ይዋሉ፤
ነገ ከሞቱማ ማን ይገዛዎታል?
ድስት የገባ ዶሮ ማን ይመረምራል?»
እርሳቸው ግን የሰው ልጅ፣ የሰው ድስት ታያቸው፤
ሌሊቱን አደሩበት። ሲነጋ ስልክ በእጃቸው።

«ሰኞ» ብለው ጀመሩ አንድ ጣት አጥፈው፣
«ገብስማዋ ድፍት ብላ፤ እዚያ ከቆጡ ሥር ነው።
ማክሰኞ አውራው ዶሮ ጎሕ ሲቀድ አልጮኸም፤
ኩክኒው ጠቁሮ ዋለ፣ እህልም አልቀመሰም።
ረቡዕ ሁለት ሞቱ፣ ጥሬው ባፋቸው እንዳለ፤
የአንዷ አንገት ተጠምዞ ወደ ጀርባ ዋለ።
ከዚያ ወዲህ ዕንቁላል? እጄን ብሰድ፣ ሣር፤
ዳስሼ ዳስሼ፣ ሣር፣ ሣር፣ ሣር ነበር።»

«ሻላ ሞቶ አይተዋል በባሕሩ ዳር?» አልኋቸው።
«ሦስት። ማዕበል ሲተፋቸው እኔው ነኝ የቀበርኋቸው።»
«በባዶ እጅ?» «በአካፋ።» «ሳል፣ ትኩሳት ይሰማዎታል?»
«የሰማንያ ዓመት ሰው ሳል ካጣ ይሞታል።»

የቀሩትን አንድ በአንድ ከክንዳቸው ተቀብዬ
ጉሮሮ ጉሮሮውን በጥጥ አበስሁ፣ «አይዞሽ» ብዬ።
«ስንት ናቸው?» ስል ለቅጹ፣ ከንፈራቸው ውስጥ ቈጠሩ፤
«አሥራ አንድ» አሉ። ጻፍሁ። ለምን ወደ ጓዳ ዞሩ?

ከግቢው ሰው እንዳይገባ፣ ዕንቁላልም እንዳይወጣ፣
ደጃፉ ላይ ኖራ ነስንሼ፣ «እስኪ ውጤቱ ይምጣ»
ብዬ ሄድሁ።
                መጣ።
ቅዳሜ ማታ፣ አንድ መስመር፤
ከፈንግል የከፋ ነገር።

እሑድ ከሁለት ረዳቶች ጋር ተመለስሁ፣ ጋዝና ሣጥን ይዘን።
ጩኸት የለውም። ሰው ሲጠይቀኝ የማልነግረው ይህን ነው፦
ትንፋሽ ይረዝምና፣ ክንፍ አንዴ ይዘረጋና፣ ያበቃል።
እመት ኦርፌሊና ዝናቡ ላይ ቆመው
ስም በስም ጠሯቸው፦ ፔርላ፣ ቼላ፣ ጎርዳ፣ እያሉ፣ እስከ አሥራ አንድ።

ከረጢቱን አሰርን። ለፊርማ ብዕር አወጣሁ።
ያኔ ነው ከጓዳ፣
ከምድጃው ጀርባ፣ ከቁም ሣጥኑ ሆድ፣
ደስታዋን የማትችል አንዲት ጉድ
አስካካች!
«ጣልሁ! ጣልሁ!» እንደምትል፣ ቤቱን በሙሉ አናወጠች፤
ዕንቁላል የጣለች ዶሮ ምሥጢር መች ታውቃለች?

ረዳቶቼ ጣራውን አዩ። እኔ ብዕሩን።
መስማቴን እንዴት ልካድ? አለመስማቴንስ እንዴት ልማል?
ደቂቃ ነበር ምናልባት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቈጥራል።
«የኤሊሴር ዶሮ ናት» ይበሉ ብዬ ጠበቅሁ፤
ያችን ሐሰት እንደ ጉርሻ ልቀበል አፌን ከፍቼ ነበር።

እርሳቸው ግን ገቡ።
ቄቧን ታቅፈው ወጡ፤ ዘሯ ሆኖ ጭራ የላትም።
በሌላው እጃቸው ዕንቁላሉ፦
ሰማያዊ፣ የዚያ አገር ዶሮ የምትጥለው፣ ገና ትኩስ።
«ጤነኛ ናት» አሉ።
«ናት» አልሁ። «ዛሬ።»
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ ላባዋን እያሹ፣
«ላልደበቀውስ ምን ይዘህ መጣህ?»

መልስ አልነበረኝም። አንዱን ሰርዤ ሁለት አደረግሁት።
«ዕንቁላሉንም?»
ዕንቁላሉንም።
በጓንት ላይ ጓንት፣ በሁለት ሽፋን፣
ሙቀቱ ግን አለፈ።

ስወጣ ኤሊሴር ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።
«ያንተስ ስንት ናቸው?» አልሁት።
ወደ ጓሮው ዞረ። ቆየ።
«በትክክል?» አለኝ።